ቶምካት ማንን ያስገባል?

እ.ኤ.አ. በ1962 የጸደይ ወራት ኤምአይቲ ውስጥ አለን ሼር የሚባል የዶክትሬት ተማሪ የኮምፒውተር ሰዓት አልበቃው አለ። ሲቲኤስኤስ የተባለውን፣ ብዙ ሰው በየተርሚናሉ ተቀምጦ የሚጋራውን ኮምፒውተር እንዲጠቀም የተፈቀደለት በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው፤ የያዘው ጥናት ደግሞ በዚያ የሚያልቅ አልነበረም። ኮምፒውተሩ የተጠየቀውን ፋይል በወረቀት አትሞ የማውጣት አገልግሎት ነበረው። ሼር አንድ ዓርብ ማታ የሚፈልገውን ፋይል ስም በካርድ ላይ በስቶ አስገባና ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ ወረቀቱን አነሣ። ወረቀቱ ላይ የተጠቃሚዎቹ ሁሉ የይለፍ ቃል ተዘርዝሯል። ታሪኩን ከብዙ ዓመታት በኋላ የተናገረው ራሱ ነው።

ሼር ምንም አልሰበረም፤ የማንንም የይለፍ ቃል አልገመተም። ቃሎቹ አንድ ፋይል ውስጥ ነበሩ፣ እንዳሉ በግልጽ ፊደል ተጽፈዋል፣ ማተሚያውም የታዘዘውን አተመ።

ዛሬ ቶምካትን፣ የጃቫ ዌብ መተግበሪያዎች የሚሮጡበትን ሰርቨር፣ አውርዶ የከፈተ ሰው የዚያ ፋይል የልጅ ልጅ የሆነ ነገር ያገኛል። ‹ኮንፍ› በሚባለው ፎልደር ውስጥ ‹ቶምካት-ዩዘርስ› የሚል የኤክስኤምኤል ፋይል አለ፤ በአንድ መስመር ላይ የተጠቃሚው ስም፣ የይለፍ ቃሉና ሚናው ተራ በተራ ይጻፋሉ። አዲስ ሲወርድ ምሳሌዎቹ እንዳይሠሩ ተደርገው ስለሚመጡ ማንም በነሱ አይገባም። ግን ፕሮግራመሩ እንዲሠሩ ሲያደርጋቸው የይለፍ ቃሉን በግልጽ ይጽፋል፤ ሰርቨሩን የሚነካ ሰው ሁሉ ያነበዋል፤ ፋይሉ ከሌላው ኮድ ጋር ተጠቅልሎ ወደ ማከማቻ ይላካል። ለሁለት ሦስት አስተዳዳሪዎች ይሁን እንበል። ሦስት ሺህ ተማሪና ሁለት መቶ መምህር ላለው ኮሌጅ ግን ፋይሉ ከአደገኛነቱም በላይ የማይሠራ ነው፤ የይለፍ ቃሉን መቀየር የፈለገ ሁሉ የሰርቨሩን ባለሙያ ሊያስጠራ ነው። ዝርዝሩ ወደ ዳታቤዝ መዛወር አለበት። ዝውውሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ከሃያ መስመር አይበልጥም። በተግባር ቀን የሚያስፈጁት የተወሰኑ ቦታዎች አሉ፤ የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ እነሱ ናቸው።

ስለ ቶምካት ራሱ አጭር ነገር። የጻፈው ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጄምስ ደንከን ዴቪድሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ለአፓቺ ፋውንዴሽን ተሰጥቶ ክፍት ሆነ። ኦራይሊ የተባለው አሳታሚ በቴክኖሎጂ መጽሐፎቹ ሽፋን ላይ እንስሳ የማተም ልማድ ስላለው ዴቪድሰን ሥራው አንድ ቀን መጽሐፍ ቢጻፍለት ብሎ የእንስሳ ስም መረጠ፤ ራሱን ችሎ የሚያድር በመሆኑ ወንድ ድመት። መጽሐፉ በ2003 ታተመ። ሽፋኑ ላይ የወጣው ግን የበረዶ ነብር ነው፤ ድመቷ ቀደም ብላ በሌላ መጽሐፍ ተይዛ ነበር።

ቶምካት ለመግቢያ ጉዳይ ያለው ሐሳብ ‹ሪልም› ይባላል። የመሥሪያ ቤት ዘበኛ ሁሉንም ሠራተኛ በመልክ አያውቅም፤ የሚያውቀው መዝገቡ የት እንደተቀመጠና እንዴት እንደሚነበብ ነው። ሪልም እንደዚሁ ነው። መዝገቡ ፋይል ሊሆን ይችላል፣ የድርጅቱ ኤልዳፕ ዳይሬክተሪ ሊሆን ይችላል፣ ዳታቤዝ ሊሆን ይችላል፤ በሩ ላይ ያለው ሥራ አይለወጥም። መተግበሪያው ውስጥ አንድም መስመር የጃቫ ኮድ ሳይነካ መዝገቡን መቀየር የሚቻለውም ለዚህ ነው።

በሩን ለሰርቨሩ አለመስጠትም ይቻላል፤ ብዙ ትልልቅ መተግበሪያዎች አይሰጡም። በአገራችን ጤና ተቋማት መረጃ የሚሰበሰብበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲኤችአይኤስ 2 የሚሮጠው በቶምካት ላይ ነው፤ የሚገባውን ሰው የሚለየው ግን በውስጡ ባለው፣ ስፕሪንግ ሴኩሪቲ በሚባል የመግቢያና የፈቃድ ማዕቀፍ ነው። እንዲያ ያለ መተግበሪያ ውስብስብ ፈቃድ ስላለው ያስኬደዋል። ለአንድ ኮሌጅ የውጤት መመዝገቢያ ግን መግቢያውን ከባዶ መጻፍ፣ በኔ እይታ፣ ሌሎች ሃያ ዓመት ሲያርሙት የኖሩትን ስህተት ደግሞ ከመጀመሪያው መሥራት ነው።

ኮሌጁን እንያዝ። ቶምካት ከዳታቤዙ የሚፈልገው ሁለት ሠንጠረዥ ብቻ ነው። በአንደኛው የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃሉ ይቀመጣሉ፤ በሁለተኛው ስሙ ደግሞ ይጻፍና ከጎኑ ሚናው ይሰፍራል፦ መምህር፣ ሬጅስትራር፣ ተማሪ። ሁለት ሚና ያለው ሰው በሁለተኛው ሠንጠረዥ ሁለት ረድፍ ይኖረዋል። ሠንጠረዦቹና ዓምዶቹ ምን ተብለው እንደሚጠሩ ሪልሙ ሲዋቀር ይነገረዋል። አንድ ሰው ስሙንና ቃሉን ሲልክ ሪልሙ ለዳታቤዙ ሁለት ጥያቄ ያቀርባል። መጀመሪያ ‹የዚህ ስም የይለፍ ቃል ምንድን ነው?› ይላል፤ የተላከው ከተቀመጠው ጋር ከገጠመ ‹የዚህ ስም ሚናዎች የትኞቹ ናቸው?› ብሎ ይከተላል። ስሙ በጥያቄው ውስጥ እንደ ጽሑፍ ተቀጥሎ ሳይሆን ለብቻው እንደ ዋጋ ስለሚላክ፣ በስም ቦታ የኤስኪውኤል ትዕዛዝ ጽፎ ለመግባት የሚሞክር አይሳካለትም።

ኮሌጁ ቀድሞ የሠራተኛ ሠንጠረዥ ቢኖረውና ቅርጹ ከዚህ ጋር ባይገጥም ሠንጠረዡን ማፍረስ አያስፈልግም። ዳታቤዙ ላይ ‹ቪው› ይሠራል፤ ለሪልሙ ሠንጠረዥ መስሎ ይታየዋል። ቪው ይበልጥ የሚወደድበት ምክንያት አለው፦ ‹ሥራ ላይ ያሉትን ብቻ› የሚል ሁኔታ ይጨመርበታል። የለቀቀው ሰው ታሪኩ በዋናው ሠንጠረዥ እንዳለ ይቀራል፤ በበሩ በኩል ግን የለም። ሪልሙ ዳታቤዙን የሚከፍትበት አካውንትም የማንበብ ፈቃድ ብቻ፣ ያውም በነዚያ ሁለት ሠንጠረዦች ወይም ቪዎች ላይ ብቻ ይሰጠው። ቶምካት በሪልሙ በኩል ምንም አይጽፍም፤ አዲስ ተጠቃሚ መመዝገብና ቃል መቀየር የመተግበሪያው ሥራ ነው።

አሁን የይለፍ ቃሉ ዓምድ ላይ ቆም እንበል፤ ጥንቃቄው ሁሉ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የቶምካት ሰነድ ለምሳሌ ያቀረበው ሠንጠረዥ ለይለፍ ቃል 15 ፊደል ይመድባል። ምሳሌ ነው፤ ግን ስንቱ ሰው እንዳለ ገልብጦታል! 15 ፊደል ውስጥ የሚገባው በግልጽ የተጻፈ ቃል ብቻ ነው። በዲሴምበር 2009 ሮክዩ የተባለው ኩባንያ በኤስኪውኤል ጥቃት ሲዘረፍ 32 ሚሊዮን የይለፍ ቃል የወጣው እንዲሁ በግልጽ እንደተጻፈ ነው፤ ዝርዝሩ ዛሬም ቃል ሰባሪዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት ነው። በ2012 ደግሞ ሊንክዲን ተራው ደረሰ። ሊንክዲን ቃሎቹን በሻ-1 ሃሽ አድርጎ ነበር፤ ማለትም ወደ ኋላ ሊመለስ ወደማይችል የቁጥርና የፊደል ድርድር ቀይሯቸው ነበር። ይሁንና ጨው አልጨመረበትም። ጨው ማለት ከእያንዳንዱ ቃል ጋር ሃሽ ከመደረጉ በፊት የሚደባለቅ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የዘፈቀደ መረጃ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን ለዩኒክስ ያደረጉትን በ1979 አትመውታል። ጨው ከሌለ ተመሳሳይ ቃል የመረጡ አንድ ሺህ ሰዎች ተመሳሳይ ሃሽ ይኖራቸዋል፤ አንዱ ሲሰበር ሺሁም ተሰበሩ ማለት ነው።

ቶምካት ለዚህ ‹ክሬደንሻል ሃንድለር› የሚባል ክፍል አለው፤ የሚጻፈው በሪልሙ ሆድ ውስጥ ነው። ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው እንደ ሻ-256 ያሉ ፈጣን ሃሾችን ይጠቀማል። ፍጥነት ደግሞ እዚህ ጉድለት ነው፤ ለኛ የፈጠነ ለሰባሪውም ይፈጥናል። ሁለተኛው ፒቢኬዲኤፍ2 የተባለውን፣ ስሌቱን ሆን ብሎ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየደጋገመ የሚያዘገየውን ዘዴ ይጠቀማል። እሱን ይምረጡ። ቁጥሮቹ እንዲህ ናቸው፦ በነባሪው አሠራር ጨዉ 32 ባይት ስለሆነ ሲጻፍ 64 ፊደል ይሆናል፤ የዙሩ ብዛት 20000 ነው፣ 5 ፊደል፤ ውጤቱ 160 ቢት፣ 40 ፊደል። ሦስቱ በዶላር ምልክት እየተለያዩ በአንድ ዓምድ ሲቀመጡ 111 ፊደል ይሆናሉ። ዙሩም ቢሆን አንሷል፤ የዌብ ደኅንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ በ2023 ፒቢኬዲኤፍ2 ከሻ-256 ጋር ሲሠራ 600000 ዙር ይሁን ብሎ መክሯል። ስለዚህ ዓምዱን 255 አድርጎ መተው ነው።

15 ወይም 64 ሆኖ ቢቀርስ? ፖስትግሬኤስኪውኤል ‹አይገባም› ብሎ ይጮኻል። ጥብቅ አሠራሩ የተዘጋበት ማይኤስኪውኤል ግን የተረፈውን ቆርጦ ዝም ይላል። ምዝገባው የተሳካ ይመስላል፤ በማግስቱ ማንም አይገባም። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፣ ስሙ ትክክል ነው፣ ሎጉ ላይ አንድም ስህተት የለም። የዓምዱን ርዝመት ማየት ለማንም ትዝ የማይለው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን አስተዳዳሪ ቃል በእጅ ሃሽ ለማድረግ ቶምካት ‹ቢን› ፎልደሩ ውስጥ ‹ዳይጀስት› የምትባል ትንሽ መሣሪያ ይዟል። ስሌቱን፣ የጨውን ርዝመትና ዙሩን ተቀብላ ግልጹን ቃል፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ሃሹን ታወጣለች። ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባው ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለው ነው፤ ሙሉውን መስመር ከነግልጹ ቃል የለጠፈ ሰው መግባትም አይችልም፣ ምሥጢሩንም አስቀምጦ ሄዷል።

ወደ ግንኙነቱ እንለፍ። ድሮ ‹ጄዲቢሲ ሪልም› የሚባል ነበር፤ ከዳታቤዙ ጋር አንድ መስመር ከፍቶ ሰው ሁሉ በዚያ ተራ እየጠበቀ ይረጋገጥ ነበር። የምዝገባ ሰሞን ተማሪው ሁሉ በአንድ ጠዋት ሲገባ ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም። በቶምካት 9 እንደሚወገድ ተነገረ፤ ከቶምካት 10 ጀምሮ የለም። ኢንተርኔት ላይ ያለው የቆየ መመሪያ ግማሹ ግን አሁንም እሱን ያስተምራል። ምትኩ ‹ዳታሶርስ ሪልም› ነው፤ በርካታ ግንኙነቶች ተከፍተው ከሚጠብቁበት ፑል አንዱን ተውሶ ይጠቀምና ይመልሳል።

ሰው ሁሉ የሚደናቀፍባቸው ሁለት ድንጋዮች እዚህ አሉ። አንደኛው የዳታቤዙ ድራይቨር ነው። ፑሉን የሚከፍተው መተግበሪያው ሳይሆን ቶምካት ራሱ በመሆኑ የድራይቨሩ ጃር ፋይል በቶምካት የራሱ ‹ሊብ› ፎልደር መቀመጥ አለበት፤ በመተግበሪያው ሊብ ውስጥ ከሆነ ቶምካት አያየውም። ሁለተኛው ፑሉ የተመዘገበበት ቦታ ነው። ሪልሙ ካልተነገረው በቀር ፑሉን የሚፈልገው በሰርቨሩ አጠቃላይ መዝገብ ነው። ፑሉ በመተግበሪያው ኮንቴክስት ፋይል ውስጥ ከተጻፈ ‹ሎካል ዳታሶርስ› የሚለውን ‹እውነት› ማድረግ ግድ ነው፤ አለዚያ ሎጉ ‹ይህ ስም እዚህ አልተመዘገበም› ይላል፣ ሰውየውም ዓይኑ ሥር የተጻፈውን ስም እያየ ይበሳጫል። ወደ ቶምካት 10 የሚሸጋገሩ ደግሞ፣ የፓኬጅ ስሞቹ ስለተለወጡ፣ ‹ጃቫኤክስ› የሚለውን ሁሉ ‹ጃካርታ› ብለው በጅምላ ሲተኩ የፑሉን ዓይነትም አብረው ይቀይራሉ። ዳታሶርስ የጃቫው የራሱ ስለሆነ ‹ጃቫኤክስ› እንዳለ ነው የሚቀረው።

ሪልሙ የት ይጻፍ? በሰርቨሩ ደረጃ፣ በሆስቱ ደረጃ፣ ወይም በአንዱ መተግበሪያ ደረጃ ሊጻፍ ይችላል፤ የቅርቡ የሩቁን ይሽራል። እዚህ ላይ ጸጥ ያለ ወጥመድ አለ። ከቶምካት ጋር የሚመጣው የሰርቨር ማዋቀሪያ ነባሩን ሪልም ‹ሎክአውት› በሚባል ሌላ ሪልም ጠቅልሎታል፤ አንድ ስም በተከታታይ 5 ጊዜ ከተሳሳተ ለ300 ሴኮንድ ይዘጋል፣ በዚያ ጊዜ ትክክለኛው ቃል ቢመጣም አይከፈትም። በመተግበሪያው ውስጥ የራሱን ሪልም የጻፈ ሰው ይህን መጠቅለያ ሳያውቀው ጥሎታል። ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ቃል ገማቹም ሌሊቱን ሙሉ ያለ ከልካይ ይሞክራል። አዲሱንም ሪልም በሎክአውት መጠቅለል ሁለት መስመር ነው። ሬጅስትራሯን ከሥራ ማስተጓጎል የፈለገ ተንኮለኛ ተማሪ በስሟ አምስት ጊዜ እየተሳሳተ ሊዘጋባት መቻሉ እውነት ነው። ቢሆንም ከሁለቱ ክፋት ይኸኛው ይሻላል።

በሮቹ የሚዘረዘሩት በመተግበሪያው ‹ዌብ› የኤክስኤምኤል ፋይል ነው፦ በውጤት መመዝገቢያው ሥር ያለ አድራሻ ሁሉ የመምህር ሚና ይጠይቃል፣ ግንኙነቱም በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ይሁን። ‹ጌት› እና ‹ፖስት› ብለው ዘዴዎቹን የሚዘረዝሩ አሉ፤ ጥንቃቄ ይመስላቸዋል። ትርጉሙ ግን ‹እነዚህን ሁለቱን ጠብቅ፣ የቀሩትን ተው› ነው። ምንም ዘዴ ካልተጠቀሰ ሁሉም ይጠበቃል።

ሲሞከር ሁለት ቁጥሮችን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። 401፣ ወይም ወደ ስህተት ገጹ መመለስ፣ ‹ማንነትህን አላወቅሁም› ነው፤ ችግሩ በአንደኛው ሠንጠረዥ ወይም በሃሹ ነው። 403 ደግሞ ‹አውቄሃለሁ፣ ግን አልተፈቀደልህም› ነው። 403 ያየ ሰው የይለፍ ቃል መቀያየር ቢጀምር ሲደክም ይውላል፤ ሁለተኛውን ሠንጠረዥ ከፍቶ ‹መምህር› የሚለው በዌብ ፋይሉ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉን ይመልከት። 400 የሚያዩት የመግቢያ ገጹን ራሱን በብራውዘራቸው ያስቀመጡ ናቸው። ቶምካት የሚጠብቀው ሰው መጀመሪያ ወደተጠበቀ ገጽ እንዲመጣና በመንገድ ላይ ወደ መግቢያው እንዲመራ ነው፤ በቀጥታ መግቢያው ላይ ለቆመ ወዴት እንደሚልከው አያውቅም። ‹ላንዲንግ ፔጅ› የሚለውን መሙላት ይፈታዋል።

የኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በቆዩ የቶምካት እትሞች፣ ቅጹ የተላከበት ኮድ ካልተነገረ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ያነበዋል፤ ‹አበበ› ዘጠኝ እንግዳ ምልክት ሆኖ ዳታቤዝ ይጠየቅበታል፣ ዳታቤዙም አያውቀውም። መግቢያው ላይ የፊደል ኮዱን ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ይህን ያስተካክላል። የማያስተካክለው ሌላው ነው፦ ‹ፀሐይ›፣ ‹ጸሐይ›፣ ‹ፀሀይ› ለኛ አንድ ሰው ናቸው፣ ለዳታቤዙ ሦስት። ሬጅስትራር የመዘገባት በአንዱ፣ እሷ ስልኳ ላይ የምትጽፈው በሌላው። መተግበሪያው በምዝገባ ጊዜ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ሊያጠቃልል ይችላል፤ በመግቢያው ላይ ግን የተጻፈውን እንዳለ ወስዶ የሚጠይቀው ቶምካት ስለሆነ መሐል የሚገባ የለም። በኔ በኩል ለስም የመታወቂያ ቁጥር ይሻላል እላለሁ። በይለፍ ቃሉ ግን፣ ኮዱ ከተስተካከለ፣ የፈለጉትን ፊደል ይጻፉ።

የመጨረሻው ጉዳይ መውጫው ነው። ሰውየው አንዴ ከገባ ቶምካት ስሙንና ሚናዎቹን ከሴሽኑ ጋር ይይዛቸዋል፤ ዳታቤዙን ዳግመኛ አይጠይቅም። ከሥራ የተሰናበተ መምህር ረድፉ ከሠንጠረዡ ቢሰረዝም ብራውዘሩ እንደተከፈተ ውጤት መቀየር ይችላል። ነባሩ የሴሽን ገደብ 30 ደቂቃ ነው፤ የሚቆጠረው ግን ዝም ከተባለበት ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ በየሩብ ሰዓቱ አንዴ የሚጫን ሰው ቀኑን ሙሉ ውስጥ ይቆያል። የቶምካት ማኔጀር የእያንዳንዱን መተግበሪያ ክፍት ሴሽኖች ይዘረዝራል፤ ከጎናቸው ‹የተገመተ የተጠቃሚ ስም› የሚል ዓምድ አለ፣ ተመርጦም ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ መጀመሪያ ረድፉ ይሰረዝ፣ ቀጥሎ ሴሽኑ ይዘጋ። ሴሽኑ ቀድሞ ከተዘጋ ሰውየው የመግቢያ ገጹ ሲመጣበት ስሙንና ቃሉን ጽፎ ተመልሶ ይገባል፤ ረድፉ ከዚያ በኋላ ቢሰረዝ አያስወጣውም።